መርፌና ጽናት

የአክስቴ ልጅ ከምትኖርበት ሩቅ አገር ደውላ አንድ ቃል ለመነችኝ። እሷ ባለችበት ከተማ ሴቶች በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይገጣጥማሉ፤ በመካከሉ ባዘቶ ያነጥፋሉ፤ ሁሉንም ባንድ ላይ በመርፌ እየወጉ ወፍራም ልብስ ያደርጉትና ሰው ለሞተበት ቤት ይሰጣሉ። ማንም አይከፍላቸውም። ብዙዎቹ ሐዘንተኛውን አይተውት አያውቁም። እሷም ከመካከላቸው ገብታ መርፌ ይዛለች፤ የመጀመሪያ ሥራዋን ዋጃ ላለችው አክስታችን ልትልክ ነው። አክስታችን ልጇን ቀብራለች።

«በአማርኛ ምን ብዬ ልጻፍባት?» አለችኝ። «ብርድ ልብስ እንዳልል፣ እሱ ከሱቅ የሚገዛ ነው። ድሪቶ እንዳልል ደግሞ...» ብላ ዝም አለች።

ዝምታዋ ገባኝ። ድሪቶ በዛሬ አማርኛ የድህነት ስም ሆኗል፤ ልጅ ለሞተባት እናት «ድሪቶ ልኬልሻለሁ» ማለት ያስፈራል። ቆይ ልፈልግልሽ አልኳት። ፍለጋው ግን ከጨርቅ አልጀመረም፤ የጀመረው ለቅሶ ቤት ከሚባለው ነገር ነው።

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወጣው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት፤ ማሽላ የሚበቅልበት፣ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ሲወራረሱ የኖሩበት፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን ሬሳ የሚሸኝበት አገር። እዚያ ለቅሶ ቤት ጥግ ይዞ የተቀመጠ ሰው ባንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ይሰማል። አንዷ «እግዜር ያጥናሽ» ትላለች። ሌላው «ጽንዓት ይሃብኪ» ይላል። ሦስተኛው «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብሎ መሬት ላይ ይቀመጣል። አራተኛዋ ገና ከደጅ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለች ትገባለች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው። ግእዙ ጸንዐ ነው፤ ጠነከረ፣ በረታ። ትግርኛ መጨረሻ ላይ ያለችውን የጉሮሮ ድምፅ ጠብቋት ጽንዓት አለ። አማርኛ ጣላትና ጽናት አለ። ከዚያ የሕዝቡ አፍ ጸን ወደ ጠ መለሳት፤ ጸጉር ጠጉር፣ ጸብ ጠብ እንደሆኑት ሁሉ፣ ጸናም ጠና ሆነ። «ያጥናሽ» የመጣው ከዚህ ነው። ጠና ግን ሌላም ሥራ አለው። ዕድሜው የገፋውን «ጠና ያለ ሰው» እንላለን። የታመመው ሲብስበትም «ሕመሙ ጠናበት» እንላለን። እንግዲህ በአልጋው ዳር «ጠናበት» ሲባል የሰነበተው ቃል ነው፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ ተመልሶ «ያጥናሽ» ተብሎ ለሚስቱ የሚመረቀው። በሽታው የወሰደውን ብርታት ቃሉ ለቀረችው ያወርሳታል። ብዙ ሰው ጤናንም ከዚሁ ሥር ይመስለዋል፤ አይደለም፣ ጤና ከግእዙ ጥዒና የመጣ ሌላ ቤተሰብ ነው።

አሁን ማጽናት እና ማጽናናት የሚባሉትን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ማጽናት ባንድ ጊዜ የሚፈጸም ነገር ነው፤ ፍርድ ይጸናል፣ ውል ይጸናል። ማጽናናት ላይ አንዲት ፊደል ተደግማለች። አማርኛ ግስን በዚህ መልክ የሚደግመው ሥራው ባንድ ጊዜ ሳይሆን በየቁራጩ፣ እየተመላለሰ ሲሠራ ነው፦ ቆረጠ ቆራረጠ፣ ሰበረ ሰባበረ፣ ለቀመ ለቃቀመ፣ ገጠመ ገጣጠመ። ስለዚህ ማጽናናት በቁሙ ሲፈታ ብርታትን በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግሞ፣ ቁራሽ በቁራሽ መስጠት ነው። ሐዘንተኛን ባንድ ቀን ያጸናው ሰው የለም። ለዚህም ነው ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያልን የምንመላለሰው፤ የቃሉ ሰዋስው ከባህሉ ጋር አንድ ነው።

ትግርኛውም ኣጸናንዐ ብሎ ይደግማል። ኦሮምኛው፣ ከሴም ቋንቋዎች ወገን ሳይሆን፣ እዚያው መንገድ ላይ ይገኛል፤ ጀባ ጠንካራ ማለት ነው፣ ሐዘንተኛን ማጽናናት ደግሞ ጀጀቤሱ። እዚህም ብርታት፣ እዚህም ድግግሞሽ። ራያ ላይ የተገናኙት ሦስት ቋንቋዎች ሐዘንን የሚገጥሙት ባንድ ዓይነት ግስ ነው።

የአክስቴ ልጅ የምትኖርበት አገር ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ እሱም የተለየ አላሰበም። «ኮምፎርት» የሚለው ቃላቸው ከላቲኑ ፎርቲስ፣ ማለትም ከብርቱ፣ የተወለደ ነው፤ መጀመሪያ ትርጉሙ ማበርታት ነበር። ዮሐንስ ወንጌል ላይ ጰራቅሊጦስ የሚለውን የግሪክ ስም የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «አጽናኝ» ሲለው፣ የቆየው የእንግሊዝኛ ትርጉም «ኮምፎርተር» ብሎታል። ያው ኮምፎርተር በገበያቸው የአልጋ ልብስ ስም ነው፤ ባለ ሁለት ገጽ፣ መካከሉ በጥጥ የተሞላ። አጽናኝን አጥፎ አልጋ ላይ የሚያነጥፍ ቋንቋ ነው ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ የምትሰፋውን ደግሞ «ክዊልት» ይሉታል፤ እሱ ከላቲኑ ኩልኪታ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ፍራሽ ነው። ፍራሽ ደግሞ ለኛ፣ ከዐረብኛው ፊራሽ፣ ከተነጠፈው ነገር፣ የመጣ የለቅሶ ቤት ዕቃ ነው። ሐዘን ሲገባ መሬት ላይ ይወርዳል፣ ሐዘን ሲያበቃ «ፍራሽ ተነሣ» ይባላል።

ሶብር ዐረብኛ ነው፤ ትዕግሥት እንለዋለን፣ የሥሩ ስሜት ግን መግታት፣ መያዝ ነው። ፈርሶ እንዳይፈስ የሚይዝ ነገር። አብሽሪ የሚለውን ግን ቆም ብዬ ላየው እፈልጋለሁ፤ ወሎን ከሌላው አገር በጆሮ የምለይበት ቃል ነውና። ዐረብኛው አብሺር «መልካም ወሬ አለልህ፣ ደስ ይበልህ» ማለት ነው። ሥሩ ከግእዙ ብሥራት ጋር አንድ ነው፤ ገብርኤል ለማርያም ያመጣው ብሥራት እና የወሎዋ ሴት ለሐዘንተኛዋ የምትወረውራት አብሽሪ እህትማማች ናቸው። ክርስቲያኗም ትለዋለች፣ ሙስሊሟም። ሬሳ በወጣበት ቤት ደጅ ቆሞ የምሥራች ማለት ከባድ ነገር ነው፤ ወሎዎች በየቀኑ ያደርጉታል፣ ማንም አይደነግጥበትም።

አንዴ ይህን ካየሁ በኋላ ጥንዶቹን መልቀም ማቆም አልቻልኩም። ክርስቲያኑ ለሟች ተዝካር ያወጣል፣ ሙስሊሙ ዚክር ያደርጋል፤ ሁለቱም ከዘከረ፣ ከማስታወስ። ክርስቲያኑ ጽድቅ ይላል፣ ሙስሊሙ ሰደቃ ያበላል፤ ሥሩ ያው ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይኸኛው ነው፦ ክርስቲያኑ ግንዘት፣ ሙስሊሙ ጀናዛ። ግእዙ ገነዘ ሬሳን ጠቀለለ፣ ለመቃብር አሰናዳ ነው፤ መግነዝም ከዚያው፣ የፍትሐቱ መጽሐፍ መጽሐፈ ግንዘትም ከዚያው። ዐረብኛው ጀናዛ የዚሁ ዘመድ ነው የሚሉ የሴም ቋንቋ ሊቃውንት አሉ። ዕብራይስጡ ገነዘ ደግሞ ሸሸገ፣ አስቀመጠ ማለት ነው፤ በካይሮ ቤን ዕዝራ ምኩራብ ያረጁ መጻሕፍት ተከማችተው የተገኙበት ክፍል «ገኒዛ» የተባለው በዚህ ቃል ነው። አርጅተው መነበብ ያቃታቸውን መጻሕፍት አልጣሏቸውም፤ አኖሯቸው። መገነዝ ውስጥም ይህ ስሜት አለ፤ የተጠቀለለው የተጣለ አይደለም፣ የተቀመጠ ነው። ዋጃ ላይ አንዱ «ለግንዘቱ» ሌላው «ለጀናዛው» ብለው ባንድ መንገድ ሲሄዱ፣ ድሮ ሰው በጨርቅ የጠቀለለ አንድ እጅ ሁለቱንም እየመራቸው ነው።

ለመግነዝ የሚገዛው ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ አቡጀዲ ነው። በቆየው ጽሑፍ አቡጀዲድ ይባላል፤ ጀዲድ በዐረብኛ አዲስ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ለሟች አዲስ ጨርቅ እንገዛለን። ስሙም አዲስ፣ ራሱም አዲስ፣ ያልታጠበ፣ ያልተለበሰ። ይህ ሥርዓት የሚፈርስበት ቀን ሌላው ሁሉ የፈረሰበት ቀን ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የጋዜጠኛው የማይክል በርክ የረሃብ ዘገባና የካሜራ ባለሙያው የመሐመድ አሚን ፊልም ከኮረም ለዓለም ሲታይ፣ ከአላማጣ በላይ ባለው ደጋ ላይ ሬሳዎቹ ተደርድረው የተጠቀለሉት ለብሰውት በመጡት አሮጌ ጨርቅ ነበር። ስለ ረሃቡ ብዙ ተብሏል። እኔ ያንን ፊልም ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ግን እዚያ ላይ ነው፤ አቡጀዲ የሚገዛላቸው አልነበረም።

ሕያው የቀረው ደግሞ የሚለብሰው አሮጌውን ነው። ወደ ድሪቶ የሚያደርሰኝ ይኸው ነው።

ደረተ ማለት ጨርቅን በጨርቅ ላይ ደርቦ ሰፋ፣ ጣፈ ማለት ነው፤ ድሪቶ የተደረተው ነው። ያረጀ ጋቢ መሠረት ይሆናል፤ በላዩ የሸሚዝ ጀርባ፣ የኮት ገበር፣ የቀሚስ ቁራጭ ይነጠፋል፤ በወፍራም ክር ከዳር እስከ ዳር ይወጋል። በየዓመቱ አንድ ንጣፍ ይጨመርበታል። የአያቴን ድሪቶ አስታውሳለሁ፤ ከክብደቱ የተነሣ ሕፃን ሆነን ከሥሩ ብቻችንን መውጣት ያቅተን ነበር። አያቴ ማታ ማታ ከኩራዝ አጠገብ እያንዳንዷን ቁራጭ በጣቷ እየነካች የማን እንደሆነች ትነግረን ነበር። ካኪው የአያቴ ባል የዘመቻ ሱሪ። አበባ ያለባት የትንሿ ልጇ ቀሚስ፣ ያቺ በኩፍኝ የሞተችው። የሞቱትም ያሉትም ባንድ ላይ ተወግተው እኛን ያሞቁን ነበር። ቃሉ የድህነት ስም የሆነው ኋላ ነው፤ ሱቅ ውስጥ በላስቲክ የታሸገ ብርድ ልብስ ሲመጣ። ብርድ ልብስ የሚለውን ስም እስቲ አስተውሉት፤ የሚናገረው ስለ ብርዱ ብቻ ነው። ማን እንደሠራው፣ ከምን እንደሠራው አይነግርህም። ድሪቶ ሥራውን ይነግርሃል።

የስፌት ግሶቻችን ደግሞ ከድሪቶ የባሰ ተረስተዋል። ሰፋን እንያት። ግእዝ ሁለት ቃል ነበረው፤ ሰፈየ፣ በመርፌ ሠራ፣ እና ሰፍሐ፣ ተዘረጋ፣ ተስፋፋ። አማርኛ የሁለቱንም መጨረሻ ሲያሳጥር በሰፋ ላይ ተገናኙ። በጽሑፍ ልዩነታቸው ጠፍቷል፦ ድሪቶ ሲሰፋ ይሰፋል። ወስፌም የሰፈየ ልጅ ናት፤ የመሶብ ሥራን ስፌት የምንለውም በሷ ነው። ጠቀመ የሚል ሌላ ግስ አለ፤ አያቴ የተተረተረ ልብስ ስታቀብል «ጠቅሚልኝ» ትል ነበር እንጂ «ስፊልኝ» አትልም። ጠቀመ ደግሞ ረባ፣ በጀ ማለትም ነው። ሁለቱ ከአንድ ሥር ናቸው ብዬ አልሟገትም፤ ግን የተቀደደን የሚያያይዝ ሰው ጠቀመ ሲባል ጆሮዬ ሁለቱን ለይቶ አይሰማም።

መርፌ ናት ግን ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ። ግእዟ መርፍእ ነው፤ ከረፍአ፣ ሰፋ፣ ጠገነ። ዐረብኛም ረፈአ ይላል፤ የተቀደደ ልብስ ጠገነ። ዕብራይስጥ ውስጥ ግን እነዚያው ሦስት ፊደላት ፈወሰ ማለት ናቸው። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት መንገዱ ከስፌት ወደ ፈውስ ነው፤ ቁስልን ማገጣጠም፣ የተከፈተውን መግጠም፣ ከዚያ ማዳን። ሩፋኤል የሚለው ስም፣ «እግዚአብሔር ፈወሰ»፣ የተሠራው ከዚህ ሥር ነው። ጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል ዝናብ ለመታጠብ ደጅ ለደጅ የሚሯሯጡ ልጆች እና ቤት ውስጥ ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት ዓይኗን የምታጠብ አሮጊት፣ ያንድ ሥር ስም ይዘዋል።

ራያ ላይ ጳጉሜን ሌላ ትዝታም አለው። በ2013 ዓ.ም. ሩፋኤል ባለፈ ማግስት፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ በቆቦ ከተማ ሲቪሎች ተገደሉ፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም ይህን በዘገባው አስፍሮታል። ከ2013 እስከ 2015 የሰሜኑ ጦርነት በዚያ ቆላ ሲመላለስ የሐዘን ቤት ያልሆነ ቤት ያነሰበት ጊዜ ነበር፤ አማርኛ በሚነገርበትም ትግርኛ በሚነገርበትም። ያኔ «ያጥናሽ» ባዩም ራሱ ሐዘንተኛ ነበር። ማን ማንን ያጽናና?

በወሎ እድርን ቅሬ ይሉታል። ቅሬው መቃብሩን ይቆፍራል፣ ቤቱን ይሸፍናል፣ የቅሬ ዳኛው የቀረውን ይጠይቃል። ጎረቤት አብስሎ የሚያመጣው ምግብ እዝን ይባላል፤ ሐዘን ሐውን ጥሎ ነው እዝን የሆነው፣ አዘነ እንደምንለው። ስለዚህ እዝን ያመጣች ሴት በመሶብ ውስጥ ሐዘኗን ይዛ መጣች ማለት ነው። ነጠላዋን ደግሞ አዘቅዝቃለች፤ ጀንበር አዘቀዘቀች እንደምንለው፣ ጥለቱ ከታች መዋል ሲገባው ወደ ትከሻዋና ወደ አንገቷ ወጥቷል። «በጎ ፈቃደኛ» የሚለውን ስም ግን ማንም አይሰጣትም። እሱ የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። እሷ «ለቅሶ ደራሽ» ናት።

ደረሰ ትልቅ ቃል ነው። መንገደኛ ይደርሳል፤ እህል ይደርሳል፤ ልጅ ለአቅመ አዳም ይደርሳል፤ የተጠቃ «ድረሱልኝ» ይላል። ለቅሶም ይደረሳል እንጂ አይኬድም። «ለቅሶ ሄድኩ» ያለ ሰው መንገዱን ነገረህ፤ «ለቅሶ ደረስኩ» ያለ መገኘቱን ነገረህ። ሩቅ ያለ ዘመድ የሚያንገበግበውም ይኸው ግስ ነው። ገንዘብ ይልካል፣ በስልክ ያለቅሳል፣ ግን «አልደረስኩም» ይላል፤ ዓመት ቆይቶ አገር ሲገባም መጀመሪያ የሚሄደው ያልደረሰበትን ለቅሶ ለመድረስ ነው።

በመርፌ ለቅሶ የደረሱ ግን አሉ። በሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1987 በኤድስ የሞቱባቸው ሰዎች ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ጨርቅ መስፋት ጀመሩ። ብዙዎቹ ሟቾች ቤተሰብ የራቃቸው፣ ቀባሪ ያጡ ነበሩ። የያንዳንዱ ጨርቅ ልክ ስፋቱ 3 ጫማ፣ ቁመቱ 6 ጫማ ሆነ፤ የመቃብር ልክ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 11 ቀን በዋሽንግተን አደባባይ ሲነጠፍ 1,920 ቁራጭ ነበር። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግራት የእነሱም ቡድን ጨርቅ የሚለካው በሰው ቁመት መሆኑን ነገረችኝ። ሟቹን ያህል ሳይሆን፣ አለች፣ የቀረውን ያህል፤ እግሩ እንዳይጋለጥ።

ያን ጊዜ ነው «ድሪቶ ብለሽ ጻፊ» ያልኳት። ስለ ደረተ፣ ስለ መርፍእ፣ ስለ ማጽናናት የነገርኳት ሁሉ ገብቷት እንደሆነ እንጃ፤ «አክስቴ ትቀየመኛለች» ብላ ሁለት ቀን አመነታች። በመጨረሻ በጥግ ላይ በቀይ ክር «ድሪቶ፣ ለአክስቴ» ብላ ጠለፈችባት። አገር የሚገባ ሰው ሻንጣ ውስጥ ገብታ አዲስ አበባ መጣች፤ ከዚያ በአውቶቡስ ደሴን፣ ወልዲያን፣ ቆቦን አልፋ ዋጃ ገባች።

አክስቴ የደወለችው በማግስቱ ማታ ነው። ስለ ድሪቶዋ ስም ምንም አላለችም። ስንት ሴቶች እንደሰፏት ጠየቀችኝ፤ ሰባት ናቸው አልኳት። የሁሉንም ስም አጻፈችኝ፤ የፈረንጆቹን ስም እየደጋገመች፣ በራሷ አፍ እያስተካከለች። ከዚያ «ለዚያች ልጅ ንገራት» አለችኝ፤ «ድሪቶሽ ለቅሶዬን ደርሳልኛለች በላት።»